ከመርሴዲስ ወደ ያሪስ፤ መኪና ስለ መለወጥ ከአንድ የንግድ ቤት መዝገብ

በመርካቶ አካባቢ ወረቀትና የጽሕፈት መሣሪያ እያስመጣ በሚያከፋፍል አንድ የንግድ ቤት በጸሐፊነት ማገልገል ከጀመርሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ደብዳቤ እጽፋለሁ፥ የባንክ ወረቀት አዘጋጃለሁ፥ የዕለት ወጪ መዝገብም የምይዘው እኔው ነኝ። ስለ ቀረጥ፥ ስለ ውጭ ምንዛሪና ስለ ማጓጓዣ ኪራይ በዚህ ገጽ ላይ የሚወጣውን ሁሉ ተከታትዬ አነባለሁ። ነጋዴው ራሱ ጧትና ማታ ተቀምጦበት ስለሚሄደው መኪና ግን የተጻፈ ነገር አይቼ አላውቅም። ምናልባት የቤት ጉዳይ ነው ተብሎ ይሆናል። በእኛ ዘንድ የመኪናው ወጪ በየወሩ ከመዝገቤ ላይ ስለሚሰፍር እንዲሁ ልተወው አልቻልሁም። አሠሪዬም ስማቸውና የመኪኖቹ ዋጋ እንዳይጠቀስ አስጠንቅቀው የቀረውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል።

የቀድሞው መኪናችን ጥቁር መርሴዲስ ነበር፤ ኢ ክላስ የሚባለው፥ ባለ ስድስት ሲሊንደር፥ ሞተሩ 2.6 ሊትር የሆነ። አሠሪዬ የገዙት ንግዱ በሰመረበት ዘመን ሲሆን፥ ሾፌራችን ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመሪው ላይ አልተለዩም። እኒህ ሰው ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ፥ ቁጥብና ሥራቸውን የሚያከብሩ ናቸው። ቢሮው ከመከፈቱ በፊት መኪናውን አጥበው፥ መስታወቱን ወልውለው፥ ጋሼን ለመቀበል ቆመው ይጠብቁ ነበር። መርሴዲሱ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ሲቆም ባለሱቁ ወንበር ያስጠርጋል፥ ሻይ ያዝዛል። ዱቤ የምንጠይቃቸው ሰዎች መዝገባችንን አይተው አያውቁም፤ መኪናውን ግን በየቀኑ ያዩታል።

ወጪው ቀስ በቀስ እየከበደ መጣ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በአዲስ አበባ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ መጨረሻ 2017 ዓ.ም. 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። አሠሪዬ ግን ነዳጅ ሲወደድ የመጀመሪያቸው አይደለም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ተጨምሮ የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ እሳቸው በመርካቶ የሱቅ ልጅ ሆነው ደብተር በጀርባቸው ተሸክመው ማድረሳቸውን ያወራሉ። ስለዚህ በቤንዚኑ ብቻ መኪና ይለውጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ውሳኔውን ያመጣው አንድ የውሃ ፓምፕ ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ሰሞን የመርሴዲሱ የውሃ ፓምፕ ማፍሰስ ጀመረ። ሾፌሩ ዋጋ ጠይቀው ተመለሱ፤ ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጥቻቸው በሳምንቱ ሲሄዱ ሻጩ በአዲሱ ምንዛሪ ሌላ ዋጋ ነገራቸው። ዕቃው እስኪገኝ መኪናው ዐሥራ ሰባት ቀን ጋራዥ ቆመ፤ ጋሼም በታክሲ ተመላለሱ። በዚያው ሰሞን ከባንክ የጠየቅነው የሥራ ማስኬጃ ብድር ተጓተተ። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮች ብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ስለ ነበር፥ ገንዘብ ማግኘት ለማንም ነጋዴ ቀላል አልነበረም። አንድ ቀን ማታ ጋሼ መዝገቡን አስመጥተው ገጹን ሲገላልጡ ቆዩና ‹‹ልጄ፥ ብድር የምንለምነው ገንዘባችንን ጋራዥ አቁመን ነው እኮ›› አሉኝ።

ሃይብሪድ የሚለውን ቃል በቢሯችን ያመጣው የወንድማቸው ልጅ ነው። ይህ ልጅ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳል። በዚያ ከተማ ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ቶዮታ ፕሪየስ እንደሚመርጡ የታወቀ ነው፤ እርሱም ከ200 ሺህ ማይል በላይ በሄደች ፕሪየስ ቤተሰቡን እያስተዳደረ መሆኑን በስልክ ነገራቸው። እርሱ የሚመካባት በመልኳ አይደለም፥ ማደያ ደጃፍ ባለመቆሟ ነው።

አሠራሩን ከመካኒክ ጠይቄ እንደ ተረዳሁት ላስረዳ። ሃይብሪድ መኪና ሁለት ጉልበት አላት፤ አንዱ የቤንዚን ሞተር፥ ሁለተኛው በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር። እንደኛዋ ያሉት ገመድ ተሰክቶባቸው አይሞሉም። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ወይም ቁልቁለት ሲወርድ፥ በሌላ መኪና በፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋው ጉልበት በዚህኛዋ ወደ ባትሪው ይመለሳል። በመብራት ወይም በመንገድ መጨናነቅ ስትቆም የቤንዚኑ ሞተር ራሱ ይጠፋል፤ ስትነሣም አብዛኛውን ጊዜ በኤሌክትሪኩ ትነሣለች። ከተክለ ሃይማኖት እስከ ሜክሲኮ አደባባይ በዝናብ ቀን የሄደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አያጣውም፤ መርሴዲሱ በዚያ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠጣ ነበር። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፥ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የቤንዚን ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይስብ ከፍታው አይገደውም። እኔን የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ የቶዮታ ሃይብሪድ እንደ ሌላው መኪና ሞተሪኖና ዲናሞ የላትም፥ ፍሪሲዮንም የላትም። በመዝገቤ ላይ በእነዚህ ስሞች ስንት ጊዜ ገንዘብ እንዳወጣሁ ሳስበው ይህ ብቻውን ደስ አሰኘኝ።

ስለምን በኤሌክትሪክ ብቻ የምትሄደውን አልገዛችሁም የሚል አይጠፋም። በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተሰማ ወዲህ ብዙ ሰው ወደዚያ ዞሯል። ከከተማ ለማይወጣ ባለሱቅ እኔም እርሷን ብመክር ይሻላል። ጋሼ ግን በዓመት አራት አምስት ጊዜ ደሴ፥ ጅማና ሐዋሳ ወዳሉ ደንበኞች ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወጣ ሲሉ ባትሪ መሙያ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ቀደም ብለው አገር ውስጥ ከገቡት መካከል አንዲት ያሪስ ሃይብሪድ ተፈለገች፤ በ2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፈረንሳይ አገር የተሠራች፥ ሞተሯ 1.5 ሊትር፥ ቁመቷ አጭር፥ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ለውጡ ተፈጸመ። ደላላው ከሁለቱም ወገን ወሰደ፥ ሊብሬው ወደየስሙ ዞረ፥ ለእኛም የሚተርፍ ገንዘብ መጣ። ያ ገንዘብ ከትምህርት መክፈቻ በፊት ደብተር በእጅ በእጅ እንዲገዛበት ታስቦ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ደስ ያላቸው ጋሼ ብቻ ነበሩ። እኔ እንኳ መኪናዋ ግቢ ስትገባ በመስኮት አይቼ ፊቴን መለስሁ። ሾፌሩ ቁልፉን ተቀብለው ምንም ሳይናገሩ ሁለት ጊዜ ዙሪያዋን ዞሯትና ‹‹ጋሼ ከፊት ነው ወይስ ከኋላ የሚቀመጡት?›› ብለው ጠየቁኝ። በመርሴዲሱ ይህ ተጠይቆ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ። በወር በአማካይ 1,200 ኪሎ ሜትር እንሄዳለን። ነዳጅ የሚቀዳው በቴሌብር ስለ ሆነ ደረሰኙ ሁሉ በስልኬ ይገኛል፤ ማሳሳት አይቻልም። መርሴዲሱ በከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ይወስድ ነበር፤ በወር 180 ሊትር መሆኑ ነው። ያሪሷ 5.6 ሊትር ትወስዳለች፤ በወር 67 ሊትር ግድም። መኪናው በተለወጠበት ጊዜ በነበረው ዋጋ ሲታሰብ የመጀመሪያው 18,264 ብር፥ ሁለተኛው 6,818 ብር ይመጣል። ልዩነቱ በወር ከ11,400 ብር በላይ፥ በዓመት 137,000 ብር ያህል ነው። ፋብሪካው መኪናዋ ስትወጣ ለ100 ኪሎ ሜትር 3.5 ሊትር ይበቃታል ብሎ ነበር፤ ይህ በአሮጌው የአውሮፓ መለኪያ የተገኘ ቁጥር ስለ ሆነ በአዲስ አበባ መንገድ የሚጠብቀው ሰው ያዝናል። ጎማዋ ባለ 15 ኢንች በመሆኑና ፍሬን ሸራዋም ቶሎ ስለማያልቅ ከዚያም ጥቂት ተርፎናል። በ2017 ዓ.ም. ቤንዚን ጠፍቶ ማደያ በሚያሰልፍበት ጊዜ ሾፌሩ በወር ስድስትና ሰባት ጊዜ ይሰለፉ የነበረው ወደ ሁለት ወረደ፤ ያ ጊዜ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ለማስላት አልሞከርሁም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ማንም ሰው በወረቀት ላይ አስቀድሞ ሊያሰላው የሚችለው ነው። ያላሰላነው ከዚህ በኋላ መጣ።

መኪናው በተለወጠ በሦስተኛው ሳምንት፥ ከእኛ ጋር ሃያ ዓመት በዱቤ ሲሠሩ የኖሩ አንድ ትልቅ የወረቀት አስመጪ ልጃቸውን ወደ ቢሮ ላኩ። ልጁ በትሕትና እጅ ነሥቶ ‹‹አባባ የቀረውን ሒሳብ ለማወቅ ፈልገው ነው›› አለኝ። የክፍያው ቀን ሊደርስ 19 ቀን ይቀረው ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዚያ ቤት መጥቶ አያውቅም። በማግስቱ ደግሞ አንድ ሌላ አቅራቢ የታዘዘውን ካርቶን ጭኖ መጥቶ ሳያወርድ ቼክ ጠየቀ። ኋላ እንደ ሰማሁት በገበያው ውስጥ ‹‹መርሴዲሳቸውን ባንክ ወሰደባቸው›› ይባል ነበር፤ አንዳንዱም ታመው ለሕክምና ነው የሸጡት ብሏል።

ለጋሼ ገብቼ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ‹‹ቼኩን ጻፊ›› አሉ።

‹‹ጋሼ፥ ቀኑ እኮ ገና ነው።››

‹‹እሳቸውም ያውቁታል። ሊያውቁ የፈለጉት ቼኩ ይመነዘራል ወይ የሚለውን ነው። ሙሉውን ጻፊ።››

ሙሉው ተከፈለ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ተኩል ያህል ሁሉንም ዕቃ በጥሬ ገንዘብ ገዛን፤ በዱቤ እንዲሰጡን ጋሼ አልጠየቁም፥ እነሱም አላቀረቡም። ከመኪናው ለውጥ ከተረፈው ገንዘብ ከግማሽ የሚበልጠው ይህን ክፍተት ለመድፈን ዋለ። ስለዚህ ለመስከረም የታሰበው ደብተር በታሰበው መጠን አልተገዛም፤ በነሐሴ ዋጋው ሲወጣም የእኛ መጋዘን ግማሹ ባዶ ነበር። ደላላ ይህን ወጪ አይነግርም፤ እኔም በለውጡ ዋዜማ ባዘጋጀሁት ሠንጠረዥ ላይ አላስገባሁትም።

በሰኔ ወር እኒያ አስመጪ ራሳቸው መጡ። ሻይ ጠጡ፥ ስለ ልጆች ተጠያየቁ፥ ሲወጡም ከያሪሷ አጠገብ ቆመው ‹‹ስንት ትጠጣለች?›› አሉ። ጋሼ መዝገቡን አስመጥተው አሳዩዋቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው የሁለቱን መኪኖች ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበቡና ‹‹ይህን በየካቲት ብታሳየኝ ምን ነበረበት?›› አሉ። ጋሼም መልስ አልነበራቸውም። ከሐምሌ ጀምሮ ዱቤው ተመልሷል፤ ሆኖም ቀድሞ 30 ቀን የነበረው አሁን 20 ቀን ነው። በእኔ አስተሳሰብ ስሕተቱ መኪናውን መለወጣችን ሳይሆን ለአበዳሪዎቻችን ሳንነግር መለወጣችን ነው። አንድ ሻይና አንድ ገጽ ሒሳብ ይበቃ ነበር።

የውጭ አገር እንግዳ ነገርም አሳስቦን ነበር። በግንቦት ከዱባይ የአንድ አቅራቢያችን ወኪል ሲመጣ ሾፌሩ መኪና ተከራይተን ከቦሌ እንቀበለው ብለው ተማጸኑ፤ ጋሼ እምቢ አሉ። እንግዳው ሻንጣውን በኋላ በር አስገብቶ ተቀመጠና ሞተሩ ሳይሰማ ስትነሣ ሣቀ፤ በዱባይ ታክሲዎቹ ብዙዎቹ ሃይብሪድ ስለ ሆኑ ነገሩ አዲስ አልሆነበትም። ስለ መኪና የተናገረው ይኸው ብቻ ነው፤ የቀረውን ጊዜ በወረቀት ዋጋ ተከራከርን።

ከዚህ ይልቅ ያስደነገጠን በጥቅምት የበራው የማስጠንቀቂያ መብራት ነው። መኪናዋ ጉልበቷ ቀንሶ ግቢ ገባች። የወሰድናት ጋራዥ ባትሪው ሞቷል፥ በአዲስ መለወጥ አለበት ብሎ የነገረን ዋጋ የዓመቱን የቤንዚን ትርፍ ውጦ ሌላም የሚጠይቅ ነበር። ሾፌሩ ግን አላመኑም። ሌላ መካኒክ ፈልገው አመጡ፤ እርሱም የኋላውን ወንበር አነሣ። ባትሪው ያለው ከዚያ ወንበር ሥር ነው፤ እንዳይግል አየር የሚስብለት ትንሽ ማራገቢያ አለው። መሳቢያው በመንገድ ሥራ አቧራ ተደፍኖ፥ በላዩም እኛ የደብተር ካርቶን እየደረደርንበት ታፍኖ ኖሯል። ተጠርጎ፥ ተነፍቶ፥ መብራቱ ጠፋ። የተከፈለው የአንድ ቀን የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሾፌሩ በየሳምንቱ ቅዳሜ መሳቢያውን በብሩሽ ይጠርጋሉ፤ በኋላ ወንበር ላይ ካርቶን ያስቀመጠ ሰውም ከእሳቸው ጋር ይጣላል። አነዳዳቸውም ተለውጧል፤ ፍሬን ከሩቅ በለስላሳው ይይዛሉ፥ ባትሪው ሲሞላ ጠቋሚውን እያዩ ‹‹ገባ›› ይላሉ፥ ገንዘብ እንደሚቆጥር ሰው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ግን ባትሪው ትንሽ በመሆኑ ገና ከግማሽ መንገድ እንደሚሞላና ከዚያ ወዲያ ማርሹን ለቁልቁለት ወደ ተሠራው ቦታ መመለስ እንደሚያስፈልግ ከራሳቸው ተምረዋል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ለውጥ የሚያስብ አንባቢ ካለ፥ መኪናዋን ከመግዛቱ በፊት ባትሪዋን በኮምፒዩተር የሚመረምር መካኒክ ይዞ ይሂድ፤ በሞተሩ ድምፅ የሚፈርድ መካኒክ በዚህች መኪና ላይ አይጠቅመውም። መሬት ለመሬት የምትሄድ ስለ ሆነች ቤቱ ኮረኮንች መንገድ ላይ ያለ ሰው አስቀድሞ በዚያው መንገድ ይሞክራት። አምስት ጎልማሶች ይዞ ክፍለ ሀገር የሚመላለስ ሰው ግን ይተዋት፤ እኛም አንድ ጊዜ ለለቅሶ ወደ ጅማ ስንሄድ ከኋላ የተቀመጥነው ሦስታችን ጉልበታችን ታስሮ ወረድን።

ከኅዳር ጀምሮ በመዝገቤ መጨረሻ ገጽ ላይ ለባትሪው የተለየ መደብ ከፍቻለሁ። በቤንዚን ከሚተርፈው 11,400 ብር ላይ በየወሩ 3,000 ብር ለብቻው ይቀመጣል፤ ባትሪው በእውነት የሚሞትበት ቀን ሲመጣ ከዚያ ይከፈላል። ጋሼ ገጹን አይተው ከሥሩ ፈርመውበታል።